«ቁጭ ብዬ የምማርበት ሰዓት አጣሁ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 26 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በጀማሪ አካውንታንትነት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የምኖረው ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእህቴ፣ ከባሏና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ እደርሳለሁ። ማታ «ትንሽ ቆዪ» ስለሚሉኝ ቤት የምገባው 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ኤክሴል፣ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ)፣ እንግሊዝኛና ኮዲንግ ጀምሬ አራቱንም ተውኩ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየተነሳሁ ላጥና ወይ? እሁድንስ ለዚሁ ላውለው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሌሊቱን 9 ሰዓት ተይው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቃሊቲ እየኖርኩ ማታ ማታ ኤክስቴንሽን እማር በነበረ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል በሌሊት እየተነሳሁ አጠናሁ። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ረዳቱ ትከሻዬን እየነቀነቀ «ወንድም፣ መጨረሻ ነው!» ሲለኝ ደብተሬ ወለሉ ላይ ወድቆ ስንት ጫማ ረግጦታል። ጭቃው ከነቅርጹ ገጹ ላይ ነበር። ሥራ ላይም አረፈድኩ። አንቺ ደግሞ የሰው ገንዘብ ነው የምትመዘግቢው። በእንቅልፍ ዓይን አንድ ዜሮ ብትጨምሪ ማን ይሰማሻል?

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሕፃኑ ላይ ነው። ሕፃን ባለበት ጠባብ ቤት ከራት በኋላ ጥናት የለም። ልጁ ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ እንግዳ ይመጣል። በዚህ ማንንም አትውቀሺ፣ ራስሽንም ጭምር። ፀጥ ያለ ጠረጴዛ ያለሽ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሰው ሳይገባ ቢሮሽ።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጪ ሰልፉ የት ድረስ ነው? ከዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስንቱን ቆመሽ ነው የምታሳልፊው? ለአንድ ሳምንት ብቻ 12 ሰዓት ላይ ወጥተሽ እዪው። ቢሮ የገባሽበትን ሰዓት በየቀኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ሰልፉ ሳይረዝም መንገዱም ሳይዘጋ የተሳፈረ ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወጥቶ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። እንደዚያ ከሆነልሽ ቅዳሜን ሳንቆጥር በሳምንት 5 ሰዓት አገኘሽ። ካልሆነልሽ ደግሞ ያጣሽው ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ነው። ጨለማ ከሆነ ግን ብቻሽን አትውጪ፤ ከብሎክሽ አብራሽ የምትወጣ ሴት አትጠፋም።

በዚያ ሰዓት ምን ትማሪ? ኤክሴል። ሌላውን ለጊዜው ተይው። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው የመንግሥት የኮዲንግ ሥልጠና ነፃ ነው፣ ጥሩም ዕድል ነው፤ ግን ጓደኞችሽ ስለተመዘገቡ የጀመርሽው ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። አይኤፍአርኤስ ያስፈልግሻል፤ በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ምክንያት ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ሊያመልጡት አይችሉም። ሁለተኛው እሱ ይሁን። ኤክሴልን ያስቀደምኩት ነገ ጠዋት ሥራሽ ላይ ስለሚታይ ነው። ከሒሳብ ሶፍትዌሩ ከፒችትሪ ያወጣሽውን የወር መዝጊያ ሪፖርት ውሰጂና በእጅሽ የምትደምሪውን በፒቮት ቴብል፣ ኤክሴል ራሱ መድቦ በሚደምርልሽ ሠንጠረዥ፣ ሞክሪው። አለቃሽ ሳይጠይቅሽ ያየዋል። እንግሊዝኛውን ባስ ውስጥ በጆሮሽ አዳምጪ፣ ስልኩ ግን ከቦርሳሽ አይውጣ። የባሱን ግፊያ ታውቂዋለሽ።

ስለ «ትንሽ ቆዪ»ው ልመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው፤ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። እሱም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሄደሽ ተጣዪ አላልኩም። የቆየሽበትን ሰዓት ለአንድ ወር ጻፊና «ይህ እንዴት ነው የሚታሰበው?» ብለሽ በትህትና ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ብቻውን «ትንሽ ቆዪ»ን ይቀንሰዋል። የዓመት ፈቃድሽንም አትርሺ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። አይኤፍአርኤስ ስትጀምሪና ፈተና ሲመጣ ከእሱ ላይ ቀንሰሽ ውሰጂ።

እሁድን አትንኪ። ቤተ ክርስቲያንም ሂጂ፣ ልብስሽንም እጠቢ፣ ከጎረቤት ጋር ቡናም ጠጪ። ወጣቶች ቡናውን የባከነ ጊዜ ሲሉት እስቃለሁ። እኔ ሁለተኛውን ሥራዬን ያገኘሁት ጎረቤት ቤት፣ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ነው።

ሰኞ ልትጀምሪ ካሰብሽ ዓርብ ማታ ስትወጪ ለጥበቃው ንገሪው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ይመጣል ብሎም አይጠብቅም።