ማንቲስ ሽሪምፕ፦ ከጡንቻው ይልቅ መቀርቀሪያው (ጥያቄና መልስ)

ስለዚህ የባሕር ፍጥረት በየስልኩ የሚዞረው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ማጋነን ነው። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገር ይሄ ሽሪምፕ ነው ወይስ ሌላ?

መልስ፦ ስሙ ሁለቴ ያሳስታል። ማንቲስ የተባለው የፊት እግሮቹን እንደ ጸሎተኛ አጥፎ የሚያደፍጠውን ነፍሳት ስለሚመስል ብቻ ነው። ሽሪምፕም አይደለም። የሽሪምፕ፣ የሎብስተርና የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ነው፤ መንገዳቸው ከተለያየ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ስቶማቶፖዳ የሚባል የራሱ ወገን አለው፣ ከ450 በላይ ዝርያዎችም ይታወቃሉ። ትንንሾቹ ከጣት ያጥራሉ፤ ትልቁ ሊሲዮስኩዊሊና ማኩላታ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ከዚህ በታች ላለው ሁሉ የሚጠቅመው ክፍፍል ግን በአደን መሣሪያቸው ነው። ሰባሪዎቹ ክንዳቸው ጫፍ ላይ መዶሻ አላቸው፤ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይፈልጣሉ። ወጊዎቹ ደግሞ ባለ ብዙ እሾህ ጦር ይዘው አሸዋ ውስጥ ይቀበሩና የሚያልፍ ዓሣ ይወጋሉ።

ጥያቄ፦ ቡጢው እንደ ጥይት ይፈጥናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2004 ተመራማሪዋ ሺላ ፓቴክ እና ባልደረቦቿ ኦዶንቶዳክቲለስ ሲላረስ የተባለውን ባለ ብዙ ቀለም ሰባሪ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ያገኙት ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 23 ሜትር ነው። ይህ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሚኒባስም ይደርስበታል። ጥይት በሰከንድ በመቶዎች ሜትር ነው የሚሄደው።

ሰው ከጥይት ጋር ያምታታው ፍጥነቱን ሳይሆን ፍጥነቱ የሚጨምርበትን አኳኋን ነው። ክንዱ ከቆመበት ተነስቶ ወደዚያ ፍጥነት ሲገባ ጭማሪው ከምድር ስበት ከ10,000 እጥፍ ይበልጣል። ምቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ 3 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። አንዴ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ከ30 በላይ እንዲህ ያሉ ምቶች ይገባሉ። ይህ ሁሉ ደግሞ በአየር ሳይሆን በውሃ ውስጥ ነው፤ ገንዳ ውስጥ እጁን ለመወርወር የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጡንቻው ምን ዓይነት ቢሆን ነው?

መልስ፦ ተራ ጡንቻ ነው። የጡንቻ ችግር አንድ ነው፦ በኃይል ሲስብ ይዘገያል፣ ሲፈጥን ኃይል ያጣል። ሰው ይህን ችግር በቀስት ፈታው። ፍላጻን በእጅህ ብትወረውር ጥቂት ሜትር ሄዶ ይወድቃል፤ ያው ክንድ ደጋኑን ቀስ ብሎ ከሳበ በኋላ ሲለቀው ግን ፍላጻው ይበራል። ክንድህ አልተለወጠም፤ ጉልበቱ ተጠራቅሞ በአንዴ ወጣ እንጂ። ማንቲስ ሽሪምፕም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ክንዱ ሲታጠፍ፣ አጣፊው ትንሽ ጡንቻ ጅማቱ ላይ ያሉትን ጠንካራ ቁርጥራጮች ከቅርፊቱ የውስጥ ግድግዳ ጋር ያያይዛቸዋል። ይህ መቀርቀሪያው ነው። ክንዱ እንደተቆለፈ፣ ትልቁና ዘገምተኛው ዘርጊ ጡንቻ በሙሉ አቅሙ ይስባል። ክንዱ መዘርጋት ስለማይችል የሚታጠፈው የክንዱ ቅርፊት ራሱ ነው። በክንዱ ጀርባ በኩል ኮርቻ የሚመስል ቁራጭ አለ፤ በአንድ አቅጣጫ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች የጎበጠ፣ ልክ የፈረስ ኮርቻ። እሱና የክንዱ ግድግዳ አንድ ላይ እንደ ሞላ ይጨመቃሉ። በመጨረሻ ትንሹ ጡንቻ ይላላል፣ ቁርጥራጮቹ ይንሸራተታሉ፣ ሞላው ይፈታል፣ መዶሻው ይወነጨፋል።

ኮርቻው ሁለት ንብርብር ነው። የላይኛው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ሲጨመቅ ይችላል፤ የታችኛው ካይቲን (የሸርጣንና የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ክር መሰል ነገር) የበዛበት ስለሆነ ሲለጠጥ አይቀደድም። ከአንድ ዓይነት ነገር ብቻ የተሠራ ቢሆን ይህን ያህል ጎብጦ ሳይሰነጠቅ መመለስ አይችልም ነበር።

ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል። መቀርቀሪያው ከተለቀቀ በኋላ አቅጣጫ ማስተካከል የለም፤ ሸርጣን በጥፍሩ ሲጨምቅ እየተሰማው እንደሚያስተካክለው ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ልኬቱ ሁሉ ከምቱ በፊት ማለቅ አለበት። በዝግታ የተቀረጸ ቪዲዮ ብታይ፣ ከመምታቱ በፊት በትንንሽ አንቴናዎቹ ዒላማውን ሲዳስስ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ሲመታ ውሃው ይፈላል፣ ብርሃንም ይወጣል ይላሉ። ማጋነን ነው?

መልስ፦ አረፋው እውነት ነው፣ “መፍላት” የሚለው ቃል ግን ያሳስታል። የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ካቪቴሽንን ያውቀዋል፤ የፓምፑን ጎማ የሚቦረቡረው እሱ ነው። ውሃ በጣም በፍጥነት ሲገፋ ግፊቱ ይወርድና ሳይሞቅ ወደ ተን ይለወጣል፤ ግፊቱ ሲመለስ አረፋው ተጨፍልቆ ይፈነዳል። መዶሻው ቅርፊቱን መትቶ ሲመለስ በመካከላቸው እንዲህ ያለ አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ሲፈነዳ ያለው ሙቀት ከፍተኛ ቢሆንም፣ ቦታው ኢምንት፣ ጊዜውም ቅጽበት ስለሆነ ዙሪያውን ውሃ አያሞቀውም።

ለአደኑ የሚጠቅመው ጉልበቱ ነው። በ2005 የታተመው ልኬት እያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ እንደሚያርፍ አሳየ፦ መጀመሪያ መዶሻው እስከ 1,500 ኒውተን፣ ከዚያ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ የአረፋው ፍንዳታ እስከ 500 ኒውተን። 1,500 ኒውተን ማለት የ150 ኪሎ ክብደት ያህል ነው፤ መቺው ደግሞ እጅህ መዳፍ ላይ የሚያርፍ እንስሳ ነው። ሁለቱ ክንዶች ተከታትለው ከመቱ ቀንድ አውጣዋ አራት ጊዜ ተመታች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ምት ቀንድ አውጣ ይፈረካክሳል አይደል?

መልስ፦ ቪዲዮዎቹ የሚመርጡት የመጨረሻውን ምት ስለሆነ እንዲያ ይመስላል። ኒዮጎኖዳክቲለስ ብሬዲኒ የተባለው ሰባሪ ቅርፊት ለመክፈት ከአሥሮች እስከ መቶዎች ምት ይፈልጋል። ይህ በ2018 ተለክቶ ታትሟል። እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። ድቡልቡል ቅርፊት ሲያገኝ የቅርፊቱን አፍ ይመታል። ሹልና ረዥም ከሆነ ከአፉ ጀምሮ በኋላ ወደ ጫፉ ይዞራል። እየመታ ያዞረዋል፣ ይዳስሰዋል፣ ያስተካክለዋል፣ እንደገና ይመታል። በሮቦት ክንድ በተሞከረ ጊዜ እንስሳው የሚተዋቸው ቦታዎች ብትመታቸውም ብዙ የማይጎዱት ሆነው ተገኙ። ደግሞ ስብራቱ እየገፋ ሲሄድ ሥጋው ጋ መድረስ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ጥቅሙ የሚታየው ትልቅ ቅርፊት ላይ ነው። በመንጋጋ የሚሰብር እንስሳ አፉ ከሚከፈተው በላይ መብላት አይችልም፤ በመዶሻ የሚሰብር ግን ያ ገደብ የለበትም።

ጥያቄ፦ መቶ ጊዜ ሲመታ የራሱ ክንድ ለምን አይሰበርም?

መልስ፦ የመዶሻው ፊት በሃይድሮክሲአፓታይት የተሸፈነ ነው፤ ጥርሳችንን የሚያጠነክረው ማዕድን። በጣም ጠንካራ ነገር ግን ይሰነጠቃል፤ ዋናው ብልሃት ከሥሩ ነው። ኮምፔንሳቶ እንጨት አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ መስቀለኛ ሆኖ ይለጠፋል አይደል? እዚህ ደግሞ የካይቲን ክሮች ንጣፎች እያንዳንዳቸው ከታችኛው ትንሽ ትንሽ ዞረው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይደረደራሉ። ስንጥቅ ሲገባ ቀጥ ብሎ ማለፍ ስለማይችል አብሮ እየተጠማዘዘ ጉልበቱን ይጨርሳል። ብዙ ጥቃቅን ስንጥቅ አለ፣ ዳር የሚደርስ ግን የለም። ይህን በ2012 ይፋ ያደረገው የዴቪድ ኪሳይለስ ቡድን በኋላ በዚሁ አደራደር ካርቦን ፋይበር ሠርቶ ሞክሮታል።

የሚያልቀውን ደግሞ ቅርፊት ሲቀይር ይተካዋል። አስቸጋሪው ወቅት ያ ነው። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ለስላሳ ስለሆነ መምታት አይችልም፤ ጉድጓዱን ሊቀማ የሚመጣ ግን አይጠፋም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ክንዶቹን ዘርግቶ በር ላይ ይቆማል፤ “ልመታህ ነው” የሚለው የተለመደ ምልክታቸው ነው። ጥይት በሌለው ጠመንጃ ማስፈራራት በሉት። ተመራማሪዎቹ ስቴገርና ኮልድዌል ይህን ማታለል በ1983 ጽፈውታል።

ጥያቄ፦ ወጊዎቹስ ከዚህ ይበልጣሉ?

መልስ፦ ሁሉም እንዲያ ይጠብቃል፤ ዓሣ ከቀንድ አውጣ ስለሚፈጥን። ነገር ግን ትልቁ ሊሲዮስኩዊሊና ማኩላታ በሰከንድ 2.3 ሜትር ብቻ ነው የሚወጋው፣ የሰባሪው አንድ አሥረኛ። የእሱ ዋና መሣሪያ መደበቅ ነው። የጉድጓዱን አፍ በአሸዋና በዝልግልግ ፈሳሽ ከድኖ ዓይኖቹን ብቻ ያወጣል፤ ዓሣው አጠገቡ ሲደርስ የቀረው ርቀት ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የማናየውን ሚሊዮን ቀለም ያያል ይባላል።

መልስ፦ ይህ በጣም የተጋነነው ነው። እኛ 3 ዓይነት ቀለም ተቀባይ ሲኖረን፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች አልትራቫዮሌትን ጨምሮ 12 አላቸው። ከዚህ ተነስቶ አራት እጥፍ ያያል ማለት ግን ስህተት ሆነ። በ2014 የታተመ ሙከራ ላይ እንስሳቱ አንዱን ቀለም ከምግብ ጋር እንዲያያይዙ ተለማመዱ፤ ከዚያ ተቀራራቢ ቀለም ሲቀርብላቸው የሞገድ ርዝመቱ ልዩነት ወደ 12–25 ናኖ ሜትር ሲጠብብ መለየት አቃታቸው። ሰው ከ1 እስከ 4 ናኖ ሜትር ይለያል። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ እንስሳው ቀለሞችን እያነጻጸረ ከመለየት ይልቅ የትኛው ተቀባይ እንደነቃ አይቶ ቶሎ ይወስናል የሚል ነው።

የሚደነቀው ሌላው ነው። እያንዳንዱ ዓይን ላይኛ ክፍል፣ ታችኛ ክፍልና በመካከል ስድስት ረድፍ ያለው መቀነት አለው። አንዱን ነጥብ በአንድ ዓይን በሦስት ቦታ ስለሚያይ ርቀትን በአንድ ዓይን መገመት ይችላል። ከመቀነቱ ታችኞቹ ሁለት ረድፎች ደግሞ እየተሽከረከረ የሚመጣን ፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በሥርዓት የሚወዛወዝ ብርሃን) ያነብባሉ፤ ይህ በእንስሳ ላይ በ2008 ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ አለ?

መልስ፦ አለ፣ በስምም ገብቶበታል። ኤሩጎስኩዊላ ማሳቬንሲስ የሚባለው ወጊ ስሙን ያገኘው ከምጽዋ ነው፤ በ1880 ነው የተሰየመው። በስዊዝ ካናል አልፎ በ1930ዎቹ ግብፅ ጠረፍ ላይ ታየ፤ ዛሬ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ብዙ አለ።

ጎኖዳክቲላሲየስ ፋልካተስ የሚባለውን ሰባሪ ደግሞ ለሳይንስ ያስተዋወቀው የተፈጥሮ ተመራማሪው የፎርስኮል ጽሑፍ ነው፣ 1775፤ የቀይ ባሕር ፍጥረት ነው። በኋላ ሃዋይ ደርሶ ተራብቷል። እዚያ የተጠኑት እጮቹ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነው፣ በተፈለፈሉ በ9 ቀን አካባቢ መምታት ይጀምራሉ። ገላቸው እንደ መስታወት ስለሆነ ጡንቻው ሲሳብና ሞላው ሲፈታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፍጥነታቸው በሰከንድ 0.4 ሜትር ያህል ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አኳሪየሜ ውስጥ ማታ ማታ ቆ ቆ የሚል ድምፅ አለ፤ ቀንድ አውጣዎቼም እያለቁ ነው። እሱ ይሆን?

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም፤ ከላይቭ ሮክ (ሕይወት ያለበት የባሕር ድንጋይ) ጋር ተደብቆ ይገባል። ነጠላ ጮክ ያለ ፍንጭታ ብቻ ከሆነ ፒስቶል ሽሪምፕ (ጥፍሩን የሚያጮኽ ሌላ ሽሪምፕ) ሊሆን ስለሚችል አትቸኩል። ተከታታይ ማንኳኳትና አንድ ጉድጓድ በር ላይ የተከመረ የቅርፊት ስብርባሪ ካለ ግን እሱው ነው።

መብራት አጥፍተህ በቀይ ባትሪ ጉድጓዱን ለይ። ድንጋዩን አውጥተህ ባልዲ ላይ ያዘው፤ ጋዝ ያለው ውሃ፣ አምቦ ውሃ ዓይነት፣ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስስ። ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ ወዲያው ወደ ጨው ውሃ አዛውረው። ድንጋዩንም ወደ አኳሪየሙ ከመመለስህ በፊት በጨው ውሃ እጠበው። በጣትህ አትንካው፤ ጣት ይሰነጥቃል። መዳብ ያለበት መድኃኒት እንዳትጨምር፣ ሌሎቹንም ሽሪምፖችህን ይጨርሳል።

ልታሳድገው ከፈለግህ ለብቻው አኑረው። ለትንሽ ዝርያ 40 ሊትር ይበቃዋል፤ ለትልቁ ባለ ቀለም ከ100 በላይ፣ ቢቻል በመስታወት ፋንታ አክሪሊክ (ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ)። ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። ገብቶ መዞር የሚችልበት የፕላስቲክ ቱቦ ስጠው፣ ማሞቂያውን ከልለው፤ እየመታ የሚሰብረው ከመስታወቱ በፊት እሱን ነው። ደማቅ መብራት ቅርፊቱን ከሚያጠቁር በሽታ ጋር ስለሚያያዝ ደብዘዝ አድርገው።

ጥያቄ (ከሮም)፦ እዚህ ካኖኪያ ብለው ይሸጡታል። አንድ ነው? ይበላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስኩዊላ ማንቲስ የሚባለው ወጊ ነው። “ክንፍና ቅርፊት” የሚለውን ሕግ የሚጠብቅ ቤት ከሆነ አይነካም፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። የምትሠሪው ከሆነ በሕይወት ያለውን ግዢ፤ ከሞተ በኋላ ሥጋው ራሱን እያሟሟ ቅርፊቱ ውስጥ ይጎድላል፣ የተዋቸው ሰው ባዶ ቅርፊት ነው የሚያገኘው። በእንፋሎት 5 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በመቀስ ሁለቱን ጎኖች ከጅራት እስከ ራስ ቁረጪና የጀርባውን ቅርፊት እንደ ክዳን አንሺው። የጅራቱ እሾህ ስለሚወጋ በጨርቅ ያዢው።

ጥያቄ (ከዱባዩ ጠያቂ)፦ አገኘሁት፣ አመሰግናለሁ። ግን ዛሬ ሁለት ሆኖ አገኘሁት፣ አንዱ አይንቀሳቀስም!

መልስ፦ የማይንቀሳቀሰው አሮጌው ቅርፊት ነው። እዚያው ተውለት፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ አታስገባበት፣ ቱቦውንም አታንቀሳቅስ። ክንዱን ዘርግቶ ቢያስፈራራህ እንዳልተናደደ ቁጠረው፤ ለስላሳ ነው፣ መምታት አይችልም።