የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከብሮድዌይ መድረክ የወጡ ዜማዎች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ልጄ የአሪያና ግራንዴን «ሰቨን ሪንግስ» ስታዳምጥ ዜማው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሆኖ ተሰማኝ። «ይህ እኮ ከ‹ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ› ፊልም የተወሰደ ነው» ብላት ልታምነኝ አልቻለችም። ከሁለታችን ልክ የሆነው ማን ነው? እንዲህ ያለ የቆየ ዘፈንስ ከዛሬ ወጣቶች ሙዚቃ ውስጥ እንዴት ሊገባ ቻለ?

መልስ፦ ልክ የሆኑት እርስዎ ነዎት፤ ዜማው ግን ከፊልሙም በዕድሜ ይበልጣል። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ለሕዝብ የቀረበው በመጀመሪያ በሙዚቃዊ ተውኔትነት ሲሆን፣ መድረኩም በኒውዮርክ ብሮድዌይ የሚገኘው የሉንት ፎንታን ቴአትር ቤት፣ ዘመኑም 1959 ነበር (በዚህ ዓምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜማዎቹን ሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሞቹን ኦስካር ሃመርስታይን ደረሷቸው፤ የታሪኩን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ከገዳም ወጥታ የካፒቴን ፎን ትራፕ ልጆች ሞግዚት የምትሆነውን ማርያን ሆና የተጫወተችውም ሜሪ ማርቲን ነበረች። ተውኔቱ በብሮድዌይ 1,443 ጊዜ ከታየ በኋላ፣ ጁሊ አንድሩስ የተወነችበትና አምስት የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘው ፊልም በ1965 ወጣ። እርስዎም እንደ አብዛኞቻችን ዘፈኑን ያወቁት በፊልሙ በኩል ነው።

የጠየቁት ዘፈን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ይባላል። በፊልሙ ማርያ በነጎድጓድ የደነገጡትን ልጆች ለማረጋጋት ትዘፍነዋለች፤ በመጀመሪያው ተውኔት ግን ልጆቹን ገና ሳታውቃቸው፣ በገዳሙ ውስጥ ከእመምኔቷ ጋር ነበር የምትዘፍነው። ዘፈኑ ከአንድ ትዕይንት ተነቅሎ ወደ ሌላ ሲዛወር ምንም እንዳልጎደለበት ልብ ይበሉ። ግጥሙ የታሪኩን ሂደት አይናገርም፤ በጽጌረዳ ላይ ያረፈ የዝናብ ጠብታን፣ የድመት ግልገል ጢምን፣ ከሱፍ የተሠራ የእጅ ሹራብን የመሳሰሉ ደስ የሚያሰኙ ነገሮችን ብቻ ይዘረዝራል። ዝርዝር ደግሞ ማንም የራሱን ሊጨምርበት ወይም ጨርሶ ሊለውጠው የሚችለው ነገር በመሆኑ፣ በእኔ ግምት ዘፈኑን ለብዙ እጆች ያመቻቸው ከሁሉ በላይ ይህ ባሕርዩ ነው።

ፊልሙ ሊወጣ ከአራት ዓመት በላይ ሲቀረው፣ ተውኔቱም ገና በብሮድዌይ እየታየ ሳለ፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ጆን ኮልትሬን በጥቅምት 1960 ይህን ዜማ በሶፕራኖ ሳክስፎን ቀረጸው። በመድረክ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስደው ዘፈን በኮልትሬን እጅ ወደ አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ ተለጠጠ። በአንድ ረገድ ለዋናው ታማኝ ነበር፤ በሦስት ምት የሚወዛወዘውን አካሄዱን አልነካም። ነገር ግን ፒያኖ ተጫዋቹ ማኮይ ታይነር ጥቂት ኮርዶችን እየደጋገመ ሲቆይ፣ ሳክስፎኑ ከዜማው እየራቀ ሄዶ ይመለሳል፤ የልጆች ማባበያ የሚመስለው ዘፈን ጸሎት ወይም ሙሾ መሰለ። ኮልትሬን ይህን ዜማ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተወውም፤ በሞተበት በ1967 በኒውዮርክ ባቀረበው ኮንሰርት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተጫውቶታል። ዛሬ በጃዝ ክበቦች ዜማውን የሚያነሱት ወጣቶች ብዙዎቹ የሚከተሉት የኮልትሬንን መንገድ እንጂ የብሮድዌይን አይደለም። በ2003 የወጣው የሂፕ ሆፕ ቡድኑ የአውትካስት ጥንድ አልበም ውስጥ ያለው ቅጂም በግልጽ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ዘፈኑ የገና መዝሙር ሆነ። ግጥሙ ገናን በስም አይጠራም፤ ታሪኩም ቢሆን ከበዓሉ ጋር ግንኙነት የለውም። ሆኖም በረዶው፣ የእጅ ሹራቡና በወረቀት ተጠቅልለው በገመድ የታሰሩት ስጦታዎች በቂ ምክንያት ሆኑ። ጁሊ አንድሩስ ራሷ ለማርያ ሚና ከመመረጧ አስቀድሞ በ1961 በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የገና ዝግጅት ላይ ዘፍናዋለች፤ በ1964 ድምፃዊው ጃክ ጆንስ በገና አልበሙ ካካተተው ወዲህ ሌሎችም ተከተሉት።

ወደ ልጅዎ ዘፈን ስንመለስ፣ «ሰቨን ሪንግስ» በጃንዋሪ 2019 ወጥቶ ወዲያውኑ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። አሪያና ግራንዴ የወሰደችው የዘፈኑን አንጓ ዜማና የዝርዝሩን ቅርጽ ነው፤ የዝርዝሩን ይዘት ግን ገለበጠችው። ሃመርስታይን የደረደራቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ሲሆኑ፣ እርሷ የደረደረችው ግን በገንዘብ የሚገዛውን ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ቀልዱ የሚገባው ዋናውን ለሚያውቅ አድማጭ ብቻ ስለሆነ፣ ለአሮጌው ዘፈን የተሰጠ አክብሮት አድርጌ እወስደዋለሁ። አክብሮቱ በነጻ የተገኘም አይደለም፦ ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ ከዘፈኑ የድርሰት ገቢ 90 በመቶው የሮጀርስና የሃመርስታይን ሥራዎችን መብት ለያዘው ለኮንኮርድ ኩባንያ ይሄዳል። ልጅዎ ይህን ስትሰማ ምናልባት ታምንዎት ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ኤደልቫይስ» የሚለውን መዝሙር የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሌሎች ደግሞ ጥንታዊ የሕዝብ ዘፈን ነው ይላሉ። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። «ኤደልቫይስ» የተጻፈው በ1959 በአሜሪካ፣ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ወደ ብሮድዌይ ከመድረሱ በፊት በቦስተን በሙከራ ላይ ሳለ ነው። የካፒቴን ፎን ትራፕን ሚና የተጫወተው ቴዎዶር ባይክል ጊታር የሚጫወትና የሕዝብ ዘፈኖችን የሚያቀርብ ድምፃዊ ስለነበር፣ ደራሲዎቹ ካፒቴኑ ሀገሩን የሚሰናበትበት ዘፈን ሊጨምሩለት ወሰኑ። ሃመርስታይን በዚያን ጊዜ በካንሰር ታሞ ነበር፤ ይህም የጻፈው የመጨረሻ ግጥም ሆነ፤ በነሐሴ 1960 አረፈ። የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር ሌላ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጸደቀና ሀገሪቱን «የተራሮች ምድር» ብሎ በመጥራት የሚጀምር ነው።

ስሕተቱ ግን የሚያሳፍር አይደለም፤ ዘፈኑ ሆን ተብሎ የሕዝብ ዘፈን እንዲመስል የተሠራ ነው። ዜማው አንድ ጊዜ የሰማ ሰው የሚይዘው ነው፤ ቃላቱም ጥቂት ናቸው። በ1984 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለኦስትሪያው ፕሬዚዳንት ሩዶልፍ ኪርሽሽሌገር በዋይት ሀውስ ባደረጉት የእራት ግብዣ፣ የእንግዳቸውን ሀገር ለማክበር የጠቀሱት ከዚሁ የአሜሪካውያን ድርሰት ነበር። በ2015 የጀመረው «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ናዚዎች ጦርነቱን ቢያሸንፉ ኖሮ የሚለውን ምናባዊ ዓለም ሲያሳይ ይህንኑ ዘፈን የመግቢያ ሙዚቃው አድርጎታል። ናዚዎችን የሸሸ ሰው የስንብት ዘፈን በዚያ ቀርፋፋና የሚያስፈራ አዘፋፈን ሲሰማ፣ ዋናውን ትዕይንት የሚያስታውስ ተመልካች የሚሰማው ቅዝቃዜ ሌላውን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ በ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የምናየው የትራፕ ቤተሰብ በእርግጥ ከናዚዎች ተራራ አቋርጦ አመለጠ? ኦስትሪያውያንስ ይህን ታሪክ እንደኛ ይወዱታል?

መልስ፦ የትራፕ ቤተሰብ በእውን የነበረ ነው፤ ማርያ ፎን ትራፕም ታሪካቸውን በ1949 በመጽሐፍ አሳትማለች። ነገር ግን ማርያና ካፒቴኑ የተጋቡት በ1927፣ ማለትም ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው 11 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1938 ሲወጡም በባቡር ወደ ጣሊያን ሄዱ እንጂ ተራራ አልወጡም። ከሳልዝበርግ ከተማ አጠገብ ያለውን ተራራ የሚሻገር ሰው የሚደርሰው በፊልሙ እንደሚታየው ወደ ስዊዘርላንድ ሳይሆን ወደ ጀርመን ነው፤ የሳልዝበርግ ሰው በፊልሙ መጨረሻ የሚስቀውም ስለዚህ ነው።

ስለ ፍቅሩ ከጠየቁ፣ ዓለም የሚያውቀውን ያህል ኦስትሪያ አታውቀውም ነበር። በ1956 የወጣ የጀርመንኛ ፊልም ታሪኩን አስቀድሞ ስለነገራቸው፣ የአሜሪካው ሥራ የሌላ ሰው ትዝታ ሆኖ ታያቸው። ጎብኚዎች ግን በሳልዝበርግ በሚገኘው የሚራቤል የአትክልት ስፍራ ደረጃዎች ላይ «ዶ ሬ ሚ»ን እየዘፈኑ መዝለልን አላቆሙም፤ በሄልብሩን ያለችው የመስታወት ጎጆም ሰዎች እንደ ፊልሙ ወጣቶች በአግዳሚዎቹ ላይ እየዘለሉ ስላስቸገሩ በሯ ተቆልፎ ከውጭ ብቻ ትታያለች። የሳልዝበርግ ቴአትር ቤት ተውኔቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ መድረክ ያሳየው በ2011፣ ብሮድዌይ ካየው ከ52 ዓመት በኋላ ነው።