ጥያቄ፦ የወረዳችን የፔንታ 3 (ለሕፃናት የሚሰጠው ከአምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት ሦስተኛ ዙር) ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ወጣ፤ ፕሮግራሙ ተሳክቷል ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አትጻፍ። ከ100 በላይ የወጣ ሽፋን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው አካፋዩን፣ ማለትም መከተብ አለባቸው ተብሎ የተገመተውን የሕፃናት ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የዕቅድ ቁጥርህ ከዚያ እየተተነበየ የመጣ ነው። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን በፋብሪካው ሰፍታለች፣ ተፈናቃዮችም ገብተዋል። ከአጎራባቹ ባሶና ወራና ወረዳ ለገበያ የወጣች እናት ልጇን ከተማ ካስከተበች፣ ልጁ ለከተማው ይቆጠርና ለወረዳው ይጎድላል።

ስለዚህ ሽፋኑን ለጊዜው ተወውና የማቋረጥ ምጣኔን አስላ፦

1. ፔንታ 1 ከወሰዱት ላይ ፔንታ 3 የወሰዱትን ቀንስ።
2. ውጤቱን ለፔንታ 1 አካፍልና በ100 አባዛ።

የሕዝብ ትንበያ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ የጀመሩ ልጆች እየጠፉ ነው። ከዜሮ በታች ከወጣ ግን መረጃውን ራሱን ፈትሽ። ደግሞ በየጤና ኬላው ለይተህ ሥራው፤ የወረዳ ድምር የቆላውን ጉድ በደጋው ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። መዝገቡን ከዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ በኮምፒውተር የሚላክበት ሥርዓት) ሪፖርት ጋር ስታመሳክር ከወሩ 1 እስከ 30 አትቁጠር። የሪፖርት ወሩ ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው። ይህን የረሳ ሱፐርቫይዘር አንዷን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ቁጥር አጋነንሽ» ብሎ ሲያፋጥጣት አይቻለሁ፤ ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። ቀኑን አስተካክለህም ልዩነት ካገኘህ ታሊ ሺቱን (እያንዳንዱ ክትባት በጭረት የሚመዘገብበትን ቅጽ) አውጥተህ እንደገና ቁጠር፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም።