«በድንጋጤ ተኩሼ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ይፈርድብኝ ነበርን?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ነው። የጎረቤታችን ቤት በሌሊት ከተሰበረ ወዲህ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ገዝቼ፣ ጥይት አጉርሼ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ባለው መሳቢያ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አኖረዋለሁ። በቅርቡ የ17 ዓመት ልጄ ከሥራ አምሽቶ በጓሮ በር ሲገባ ከእንቅልፌ ባንኜ ወረድሁና በጨለማ ደገንሁበት። «አባዬ!» ባይል ኖሮ እተኩስ ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለክርስቲያን መሣሪያ በቤቱ ማኖር ይገባዋልን? በድንጋጤ ተኩሼ ቢሆን ኖሮስ እግዚአብሔር ይፈርድብኝ ነበርን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያቺ «አባዬ» የምትል ድምፅ ከጥይቱ ቀድማ ስለ ደረሰች እግዚአብሔር ይመስገን።

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን በአጭሩ ልመልስ። መሣሪያ በቤት መኖሩ በራሱ ኃጢአት አይሆንም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጸለየ፤ ዘበኛም አቆመ (ነህ. 4፥9)። የሚኖሩበት አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ሰው በቤቱ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ መያዝ መብቱ መሆኑን ወስኗል። መብት ግን ሕሊናን አያሳርፍም፤ እርስዎም ይህን ስላወቁ ጽፈዋል።

በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ልቆይ። «በድንጋጤ የተደረገ አይቆጠርም፤ እግዚአብሔር ልብን ያያል» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። መኪና በእንቅልፍ ልብ የነዳም ይለዋል፤ በቁጣ እጁን ያነሣም ይለዋል። እግዚአብሔር ልብን ማየቱ እውነት ነው። ስለዚህም ነው በኦሪት ሳይጠላ፣ ሳያስብ ሰው የገደለ የሚሸሽባቸው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች የተለዩት (ዘኍ. 35)። ነገር ግን ያ ሰው ሞት ባይፈረድበትም «አላሰብሁም» ብሎ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያች ከተማ ተወስኖ ይኖር ነበር። ቅዱስ ባስልዮስም በቀኖናው አስቦ የገደለውን 20 ዓመት፣ ሳያስብ የገደለውን 10 ዓመት ከቅዱስ ቁርባን እንዲለይ አዝዟል። ቅጣቱ በግማሽ ቀለለ እንጂ አልተነሣም። የፈሰሰው ደም የሰው ደም ነውና።

መሣሪያ ያላቸው ምእመናን የሚጠቅሱልኝ ሌላም ቃል አለ፦ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ የለበትም የሚለው (ዘጸ. 22፥2)። እዚያው አጠገቡ ያለውን ግን አያነቡትም፦ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ የደም ዕዳ አለበት። ሌሊትና ቀን ለምን ተለዩ? በጨለማ የመጣው ማን እንደ ሆነ፣ ለመስረቅ ይምጣ ለመግደል አይታወቅም፤ በብርሃን ይታወቃል። ማየት የሚችል ሰው ሳያይ ቢመታ ይጠየቃል። ወንድሜ፣ እርስዎ ማብሪያውን በአንድ ጣት ቢነኩ ፀሐይ የሚወጣልዎት ሰው ነዎት። በጨለማ መውረድዎ ምርጫዎ ነበር።

የጌቴሴማኒውን ሌሊት ያስታውሱ። ደቀ መዛሙርቱ ጸልዩ ተብለው ተኝተዋል፤ ጌታ እንደ ቀሰቀሳቸው ጭፍራው ደረሰ። «ጌታ ሆይ፥ በሰይፍ እንምታቸውን?» አሉት። ጥያቄው መልካም ነበር። ነገር ግን ጌታ ሳይመልስ ከእነርሱ አንዱ መታ፤ የማልኮስም ቀኝ ጆሮ ተቈረጠ (ሉቃ. 22፥49-50፤ ዮሐ. 18፥10)። ጴጥሮስ ጌታውን ይወድ ነበር፤ የጎደለው መልሱን መጠበቅ ነው። ጆሮውን ጌታ ዳስሶ ፈወሰው። በአንድ ቃታ የሄደ ጥይት ግን ማንን ያገኝ ነበር ብለው እያሰቡ ነው እንቅልፍ ያጡት።

እንግዲህ ማድረግ የሚገባዎትን ልንገርዎ፤ ከዛሬ አይለፍ። ሽጉጡን ከሥዕሉ ሥር ያንሡ። መልአኩ ይጠብቀኛል ብሎ የጎረሰ መሣሪያ ያለ ቁልፍ መተው «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» የተባለው ነው (ማቴ. 4፥7)። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ትንሽ ካዝና ግዙና ቁልፉ በእርስዎ እጅ ብቻ ይሁን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙን በቤቱ ላይ እንዳያመጣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)፤ ካዝናው የእርስዎ መከታ ነው። ይህን የምለው ስለ ሕፃናት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በቤትዎ ያዘነ፣ ከሰው የራቀ፣ ሌሊት የማይተኛ ሰው ቢኖር፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ። መጠጥ በቀመሱበት ቀንም ካዝናው አይከፈት።

መረጋጋትን በተመለከተ፣ በዚያች ደቂቃ ከየትም አይመጣም፤ በቀን የተለማመዱት ነው በሌሊት የሚገኘው። ቤተሰብዎን ሰብስበው ይነጋገሩ። ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይግባ፣ በሩ ይቆለፍ፣ ወደ 911 ይደወል፣ ማን በቤት እንዳለ ማን እንደ ሌለ በስም ይቆጠር። ልጅዎ በዚያ ሌሊት ቢቆጠር ኖሮ በሩን የከፈተው ማን እንደ ሆነ አልጋዎ ላይ ሳሉ ባወቁ ነበር። ሌባ ፍለጋ አይውረዱ። ቴሌቪዥኑን ይውሰደው፤ ለዕቃ ብለው ነፍስ አያጥፉ፣ የራስዎንም አይስጡ። ወደ ክፍሉ ሰብሮ ቢመጣ እንኳ በታላቅ ድምፅ ይጥሩ፣ መብራት ያብሩ፣ ፊቱን ይዩ። ያላዩትን አይምቱ፤ ከጀርባውም ምን እንዳለ ይወቁ። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ አብዛኛው ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ የሽጉጥ ጥይት ጥሶት ወደ ሚቀጥለው ክፍል፣ ምናልባትም ልጆች ወደ ተኙበት ያልፋል። ጣትዎም እስከ መጨረሻው ከቃታው ውጭ ይሁን።

ከመተኛትዎ በፊት የሚጸልዩትን ያውቁታል። «እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ፥ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል» (መዝ. 126፥1) የሚለውን ከልጆችዎ ጋር አብራችሁ ጸልዩት። ጠባቂውን ይህ ቃል አልሻረውም፤ ሌሊቱ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ እንዳልሆነ ነው የነገረው።

ያ ሌሊት ግን ገና አላለቀም። ለንስሓ አባትዎ እንደ ሆነው ይንገሯቸው፤ አልተኮስሁም ብለው አይተዉት። ከዚያም በፊት ልጅዎ አለ። አፈሙዙ የዞረው ወደ እርሱ ነበር፤ እርስዎ እንቅልፍ ካጡ እርሱ ምን እንደሚያይ አስበዋል? «ይቅር በለኝ» ይበሉት፤ አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ አይዋረድም። ሲያመሽ ከበሩ ሳይደርስ እንዲደውልልዎ ይስማሙ፣ የጓሮውንም መብራት ሳያጠፉ ይጠብቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።