ለትንሿ ውሻችሁ ኦፕራሲዮን ታዞ ብሩ ላስጨነቃችሁ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ፒያሳ አካባቢ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ 9 ዓመት ረዳት ሆኜ ሰርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ኦፕራሲዮን ላይ ገብቼ ይዣለሁ፣ ሂሳብ ጽፌያለሁ፣ ሰው ሂሳቡን አይቶ ውሻውን አቅፎ ደረጃው ላይ ሲያለቅስም አይቻለሁ። የራሴን ውሻ ሚሚንም ኦፕራሲዮን አሰርቻለሁ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከካሳንቺስ)፦ እህቴ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ፣ ኮኮ 7 ዓመቷ ነው 5 ኪሎ ነች፣ ከ5 ሳምንት በፊት ደም አይታ ነበር፣ አሁን ሶስት ቀኗ ምግብ እምቢ ብላ ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው፣ ታስመልሳለች ሆዷም ነፋ ብሏል። ዶክተሩ በአልትራሳውንድ አይቶ ማህፀኗ መግል ይዟል ዛሬ ወይ ነገ ኦፕራሲዮን አለኝ። የጠየቀኝ ብር ከወር ደሞዜ ይበልጣል። ደሞዝ 12 ቀን ይቀረዋል፣ እስከዛ በአንቲባዮቲክ ባቆያትስ?

መልስ፦ አታቆዪያት የኔ እህት። ይሄ ፓዮሜትራ የሚባለው ነው፣ ያልመከነች ሴት ውሻ ላይ ደም ካየች በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው የሚመጣው። መግሉ መውጫ ሲኖረው ከታች ሲፈስ ታያለሽ፣ መውጫው ሲዘጋ ግን ሆድ ይነፋል፣ ያንቺዋ የተዘጋው ነው የሚመስለኝ፣ የባሰው ደግሞ እሱ ነው። መርዙ ደም ውስጥ ይገባል ኩላሊት ይነካል፣ እንደዛ ውሃ የሚያስጠጣትም እሱ ነው፣ ማህፀኑ ሊፈነዳም ይችላል። የተዘጋ ከረጢት ውስጥ ያለን መግል አንቲባዮቲክ ብቻውን አያወጣውም።

እኔ ሚሚ ላይ ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ እንዳትደግሚው። ስራው ውስጥ ሆኜ እንኳን ብሩ እስኪሞላልኝ ብዬ አራት ቀን መርፌ አስወጋኋት። ማታ የውሃ ጣሳዋን ሞልቼ እተኛለሁ፣ ሌሊት ባዶውን ጣሳ እየላሰች ሲሚንቶው ላይ ስትገፋው ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ይቀሰቅሰኛል፣ እነሳና እሞላላታለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኳ ኳ። በአምስተኛው ቀን ከንፈሯን ገልጬ ድዷን ሳየው እንደ ወረቀት ነጥቷል። ያኔ ኦፕራሲዮኑን ከፈልኩ፣ በላዩ ላይ የአራት ቀን መርፌ፣ የሁለት ቀን ግሉኮስ፣ እንደገና የደም ምርመራ፣ ማደሪያ። ድናለች እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን መጀመሪያ ቀን ብገባ ኖሮ ግማሹን ብር አላወጣም ነበር፣ እሷም እንደዛ አትሰቃይም ነበር። ዛሬ ማታውኑ ለዶክተሩ ደውዪና ያለኝ ይሄን ያህል ነው ቀሪውን ደሞዝ በወጣ ቀን እከፍላለሁ በዪው። አያሳፍርም። ብዙ ሐኪም ለሚያውቀው ሰው ይታገሳል፣ ብር የለኝም ብለሽ ዝም ብለሽ ከጠፋሽ ግን ማንም ሊረዳሽ አይችልም።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ አንዱ ክሊኒክ የነገረኝ ዋጋ ሌላው ከነገረኝ በእጥፍ ይበልጣል። ሊበሉኝ ነው ወይስ ምንድነው? ትክክለኛው ስንት ነው?

መልስ፦ ቁጥር አልጽፍልህም ወንድሜ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ማደንዘዣውም ክሩም ጓንቱም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ያምና ዋጋ ዘንድሮ አይሰራም። ይልቅ በወረቀት ዘርዝረው ይስጡህ። የደም ምርመራ አለበት? አልትራሳውንድ ወይ ራጁስ? ማደንዘዣው፣ ግሉኮሱ፣ ማደሪያው፣ የቤት መድኃኒቱ፣ ስፌት ማውጫው? ስንቴ አይቻለሁ፣ ረከሰ የተባለው ቦታ ኦፕራሲዮኑን ብቻ ነው የነገሩህ፣ ሌላው እየተጨመረ እየተጨመረ ሲሄድ ከውዱ ያልፋል። ደግሞ ማደንዘዣ ላይ እያለች ማን ነው የሚከታተላት ብለህ ጠይቅ። ትንሽ ውሻ ቶሎ ትቀዘቅዛለች፣ ስኳሯም ቶሎ ይወርዳል፣ አንድ ሰው ቆሞ ትንፋሿንና ሙቀቷን ካልያዘ ርካሽነቱ ምን ያደርጋል።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ ዘመድ የለኝም ባንክም ለውሻ አያበድርም 😔 ሰው ብሩን ከየት ነው የሚያመጣው?

መልስ፦ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። መጀመሪያ እቁብ። እቁብ ካለሽ ለሰብሳቢው እጣዬ ይቅደምልኝ ብለሽ ለምኚ፣ ለህመም ሲሆን እሺ የሚል እቁብ ብዙ ነው፣ ካልሆነም እጣ የደረሰው ሰው ተራ ይለውጥሽ። ለምሳሌ 10 ሰው በወር 2,000 ብር የሚጥልበት ከሆነ 20,000 ብር ዛሬ እጅሽ ይገባል፣ ያለ ወለድ። ሁለተኛ ሰው ከለመንሽ ብሩ ወደ አንቺ አይምጣ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንሽ፣ ስሟ በሽታዋ የሚያስፈልገው ብር የተከፈለውና የቀረው ይታይ፣ ቴሌብሩን ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ያስገቡ። ሰው ለውሻ አይሰጥም የሚባለው ውሸት ነው፣ አንድ ጊዜ የሰፈር ሊስትሮዎች ቦርሳቸውን አራግፈው የግቢ ውሻቸውን ቂጧ ተሰብሮ አምጥተዋታል፣ ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሶስተኛ ወርቅም ቴሌቪዥንም ከመሸጥሽ በፊት የመዳን እድሏን ጠይቂ። እሱን ሳያውቁ የሚሸጡ አሉ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ቢሾፍቱ ብወስዳትስ?

መልስ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዛ ነው፣ ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው፣ ከዚህ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ቀድመህ ደውልና የውሻ ቀዶ ጥገና በየትኛው ቀን እንደሚሰሩ ዋጋውንም ጠይቅ። ሚኒባስ ውሻ ስለማይጭን የኮንትራት መኪናውን ደርሶ መልስ ደምር፣ ለስፌትም ትመለሳለህ። ለሚጠብቅ ነገር ጥሩ ነው፣ መቆም ላቃታት ግን ቅርብ ያለው ይሻላል።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ 2 ዓመቱ ነው፣ ሲሮጥ የኋላ እግሩን ብድግ አርጎ ሶስት እርምጃ ይዘልና ደግሞ ደህና ይሆናል። ጉልበቱ ይንሸራተታል ኦፕራሲዮን አሉኝ።

መልስ፦ ይሄ አያስቸኩልም። ከ1 እስከ 4 ደረጃ አለው፣ የሱ ስንተኛ እንደሆነ ጠይቂ። 1 ከሆነ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፣ ክብደቱን ቀንሺለት፣ ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ አንጥፊ፣ ከአልጋ አይዝለል። 3 እና 4 ከሆነ እቁብ ግቢና ተዘጋጂ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ከትናንት ወዲያ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውጧል፣ ዛሬ ያስመልሳል ካካም የለም። ዘይት ባጠጣው ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም። ዘይት አትስጠው፣ ሲያስመልስ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ክረምት በመጣ ቁጥር በቆሎ ጠባሾቹ መንገድ ዳር ሲቀመጡ ይሄን እናያለን፣ ቆረቆንዳ ሆድ ውስጥ አይሟሟም፣ ትንሽ ውሻ አንጀት ላይ እንደ ቡሽ ይወተፋል። አሁኑኑ ራጅ ወይ አልትራሳውንድ። አንጀቱ ሳይሞት ከደረስክ ከፍቶ ማውጣት ብቻ ነው፣ ከሞተ ቆርጦ መቀጠል ነው፣ የብሩም የአደጋውም ልዩነት እዛ ላይ ነው። ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም ማንም እንዳይሰጥ፣ ውሻ ላይ መርዝ ናቸው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ። ውሻዬ 13 ዓመቷ ነው፣ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ይቆረጥ ተባልኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን። ጎረቤት ሰው እየተራበ ለውሻ ይላል። ባላሳክማት ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የጎረቤቱን ይተዉት። 13 ዓመት በር ላይ ቆማ የጠበቀችዎትን ማሳከም ከማንም አፍ እንጀራ አይነጥቅም። ባያሳክሟትም ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ከመቆረጡ በፊት ደረቷን ራጅ ያስነሷት። እንዲህ ያለው እብጠት ካንሰር ከሆነ ሳንባ ላይ ይሄዳል፣ ሳንባዋ ላይ ከታየ ጡቱን መቁረጥ ዕድሜ አይጨምርላትም፣ ትልቁን ብር ያተርፋሉ፣ እሷም በቁስል አትንገላታም። ንፁህ ከሆነ፣ ኩላሊቷና ልቧም ደህና ከሆኑ፣ 13 ዓመት ብቻውን በሽታ አይደለም። ከሄደባት ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ይጠይቁ፣ እየበላች ጭራዋን እየቆላች እስካለች ድረስ አብረው ይሁኑ፣ መብላትና መነሳት ሲያቅታት ሐኪሙ በማደንዘዣ ያሳርፋታል። እሱም ማሳከም ነው ጋሼ። ለራጁ የሚወስድዎት ሰው ከሌለ ይጻፉልኝ፣ አራት ኪሎ ለኔ በእግር ነው።

ጥያቄ (ከካሳንቺስ፣ የኮኮ)፦ ደወልኩለት፣ ግማሹን አምጪ ቀሪውን በደሞዝሽ አለኝ!! ወንድሜ መኪና ይዞ እየመጣ ነው። ምን ልያዝ?

መልስ፦ እልልል! ምግብ አትስጫት፣ ውሃ ግን አትከልክያት። በጋቢ ጠቅልያት፣ በላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ አድርገሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊ፣ ሆዷን አትጫኚ፣ ከስር በሁለት እጅሽ ደግፈሽ አንሻት። የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ ክትባት ካርዷን፣ እስካሁን የተወጋችውን መድኃኒት ስም ያዢ። ስትነቃ ብርድ ብርድ ይላታል፣ አታስፈራሽ። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ እንዳትልሰው አንገቷ ላይ ታስሮ ፊቷን የሚከልለውን ሰፊ ላስቲክ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። ስትወጣ ጻፊልኝ፣ አልተኛም።