መቀስ ለያዛችሁ ልጆቼ

ፀጉር ሥራ የሚማሩ ልጆች «በስንት ወር የራሴን ሳሎን እከፍታለሁ?» ብለው ይጠይቁኛል። አልቆጣም፤ ኑሮውን አውቀዋለሁ። ግን እስቲ የእንግሊዛዊውን ፀጉር ሠሪ የቪዳል ሳሱንን ነገር ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ተወለደ። አባቱ ጥሏቸው ሄደ። እናቱ ማሳደግ ሲያቅታት እሱንና ታናሽ ወንድሙን ለአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ወደተሠራ ማሳደጊያ አስገባቻቸው። 14 ዓመት ሲሞላው አዶልፍ ኮኸን የሚባል ባለሙያ ሳሎን ይዛው ሄደች። ሙያ ለመልመድ ይከፈላል፤ እሷ ግን ቤሳቤስቲን የላትም። ተሰናብተው ሲወጡ ልጁ በሩን ከፍቶ እናቱን አስቀደመ። ኮኸን ይህን አየና ያለ ክፍያ ተቀበለው።

ሥራው ማጠብና መጥረግ ነበር። ጦርነት ላይ ባለች ከተማ እንኳ ጫማ ካልተወለወለ፣ ሱሪ ካልተተኮሰ፣ ጥፍር ካልጸዳ ወዮለት። (እኔም ጥፍር አያለሁ፤ ተማሪዎቼ ይመስክሩ።)

የራሱን ሳሎን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ ሴቶች በየሳምንቱ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ማድረቂያው ካስክ ስር ይቀመጡ ነበር። እሱ ይህን አልወደደም። ቅርጹ ከአቆራረጡ መምጣት አለበት ብሎ አመነ፤ ታጥቦ ሲራገፍ በራሱ ቦታውን የሚይዝ ፀጉር ፈለገ። ወደ አስር ዓመት ገደማ ለፍቶ ባለ አምስት ሹሉን ቁርጥ አወጣ፦ ከየጆሮው ፊት አንድ አንድ፣ ማጅራት ላይ ሦስት። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። ማጅራቱ ላይ በአንዲት ክር ብትስቱ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ስፕሬይ አይሸፍንላችሁም።

ታዋቂነቱን ሁሉም ያወራዋል፣ ልለፈው። እኔ የምወድለት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ከተማ ኒው ኦርሊንስን ሲያወድም፣ ገንዘብ ልኮ ዝም አላለም። የሙያ ባልደረቦቹን ጠራ። ፀጉር ሠሪዎች ያዋጡት ገንዘብ ለችግረኞች ቤት በሚሠራው ድርጅት በሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ በኩል ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪሞት ድረስ ሙያውን «ተራ ነገር» የሚሉትን እንዲህ ነበር የሚያሳፍራቸው።

እናንተ ቤት ሥሩ አልልም። ሰኞ ሳሎኑ ጭር ይላል አይደል? ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሰፈራችሁ ከቤት መውጣት የማይችሉ እናቶችን ፀጉር እጠቡ፣ አበጥሩ። ለፎቶ አትሯሯጡ። ማበጠሪያውንም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳታጸዱ እንዳታሳልፉ፣ አደራ።