ሲቀልጡ ደህና ሆነው በማግስቱ የሚሞቱ የነርቭ ሴሎች

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ አይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል) ያሳደግሻቸው የሰው የነርቭ ቅድመ ሴሎች፣ ማለት ገና ወደ ነርቭ ሴል የሚለወጡት፣ ፍሪዝ ሆነው ከተቀመጡበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አውጥተሽ ስታቀልጫቸው፣ በትራይፓን ብሉ (የሞተ ሴል መለያ ቀለም) ስትቆጥሪ 90 ፐርሰንቱ በህይወት አሉ፣ በማግስቱ ግን አብዛኛውን ተንሳፍፎ ታገኚዋለሽ፣ ፍሪዝ ያልሆኑት ደግሞ እዛው አይነት የሴል ማሳደጊያ ሳህን ላይ ጥሩ አርገው ይይዛሉ፣ ማለት ይጣበቃሉ። የድሮ ቫያሎች (ሴሎቹ ፍሪዝ የሚደረጉባቸው ትንንሽ ብልቃጦች) ደህና ነበሩ፣ ባልደረባሽ ቫያሎቹን ቀስ እያለ የሚያቀዘቅዘውን የተሰበረ ዕቃ በፎም ሳጥንና በቲሹ ወረቀት ከተካው በኋላ የመጡት ናቸው የተበላሹት።

ላሚኒኑንም (ሴሎቹ እንዲይዙ ሳህኑ የሚቀባውን ፕሮቲን) ሚዲያውንም (የሴሎቹን ምግብ ፈሳሽ) ተያቸው፣ እነሱ ቢሆኑ ትኩሶቹም አይይዙም ነበር። እኔ የምጠረጥረው ፎሙን ነው። ሴሎቹ የተጎዱት ፍሪዝ ሲደረጉ ነው፣ ስታቀልጫቸው የምታዪው ውጤቱን ነው። 90 ፐርሰንቱም አያታልልሽ፣ ትራይፓን ብሉ የሚያቀልመው ሽፋኑ የተቀደደውን ሴል ብቻ ስለሆነ ውስጡ ተጎድቶ ከሰዓታት በኋላ የሚሞተውን አያሳይም፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የያዘውን ቁጠሪ።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ግን፦ ቫያል ከናይትሮጅን ስታወጪ ፊትሽን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አርጊ። ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ቫያል ፈሳሹ ውስጥ ተዘፍቆ ከቆየ ናይትሮጅን ሰርጎ ይገባል፣ ሲሞቅ ወደ 700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። መነጽር ብቻ አይበቃም።

ሴል ሲቀዘቅዝ በደቂቃ 1 ዲግሪ ይውረድ የሚባለውን ብዙ ሰው ሸምድዶት ነው የሚሰራበት፣ ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብሽ። በረዶ የሚጀምረው ከሴሉ ውጪ ነው፣ በረዶ ደግሞ ንጹህ ውሃ ብቻ ስለሚወስድ ጨዉና ዲኤምኤስኦው (ሴሉን ከበረዶ ጉዳት ለመከላከል የሚጨመረው ኬሚካል) ባልቀዘቀዘው ፈሳሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ያ የከረረ ፈሳሽ ከሴሉ ውስጥ ውሃ ይስባል። ቅዝቃዜው ቀስ ካለ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፣ ሴሉ ይጨማደዳል እንጂ ውስጡ በረዶ አይሰራም። ከፈጠነ ውሃው እዛው እንደታሰረ በረዶ ይሆንና የውስጥ ሽፋኖችን ይበሳሳል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ሴሉ በዛ ኃይለኛ ጨው ውስጥ ብዙ ቆይቶ ይጎዳል። ፒተር ማዙርና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. እነዚህን ሁለት ጉዳቶች ለይተው አስቀምጠዋል፣ ለእያንዳንዱ የሴል አይነት መሃል ላይ አንድ የሚስማማው ፍጥነት አለ፣ ለብዙ የሰው ሴል እሱ 1 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፎም በቲሹ ጠቅልለሽ ፍጥነቱን አታውቂውም፣ ጥግ ያለው ቫያልና መሃል ያለው እንኳን እኩል አይቀዘቅዙም።

ባልደረባሽ ሴሎቹ ሲሞቱበት ዲኤምኤስኦውን ከ10 ወደ 20 ፐርሰንት ከፍ ማድረጉ በጣም አናዶኛል። ዲኤምኤስኦ በሙቀት ሴል ይመርዛል፣ ሲቀልጥም ውሃ በኃይል ወደ ሴሉ እንዲገባ ያደርጋል፣ ችግሩን ሳይነካ ሌላ ጨመረበት። ወደ 10 መልሺው።

ደህና የአይሶፕሮፓኖል ማቀዝቀዣ (ቫያሎቹን በአልኮል ከብቦ ቀስ እያለ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) ግዢ፣ አልኮሉ 100 ፐርሰንት ይሁን፣ በየ5 አጠቃቀሙ ቀይሪው፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚሄድ። ከአንድ ሳህን የተነሱ ሴሎችን ለሁለት ክፈይ፣ ግማሹን በፎሙ ግማሹን በአዲሱ ፍሪዝ አርጊና በአንድ ቀን አቅልጪያቸው። አዲሱ ካሸነፈ መልሱን አገኘሽ። ሳይጓጉሉ በደንብ ተበታትነው ይግቡ፣ ሌሊቱን ሲቀነስ 80 ላይ ይደሩና በማግስቱ ወደ ናይትሮጅን ይሂዱ፣ ሲቀነስ 80 ላይ ለወራት የሚተው ሰው ሴሉን ቀስ ብሎ እየገደለው ነው፣ እዛ ሙቀት ላይ በረዶው አሁንም ይለዋወጣል፣ ከሲቀነስ 135 በታች ነው የሚያርፈው።

ስታቀልጪ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ትንሽ በረዶ እስኪቀር ብቻ፣ ከዛ ሚዲያውን ጠብታ በጠብታ እስከ 10 ሚሊ፣ ሴንትሪፊዩጁ በ200 እስከ 300 ጂ (የስበት እጥፍ) ለ5 ደቂቃ፣ ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ሮክ ኢንሂቢተር (የተበታተኑ ሴሎች እንዳይሞቱ የሚረዳ ኬሚካል) 10 ማይክሮሞላር ጨምሪ።

የክዳናቸው ጎማ ልል የሆነ ቫያሎች ናይትሮጅን ሊያስገቡ ይችላሉ፣ አትግዢያቸው። ያሉሽንም ከፈሳሹ አውጥተሽ ከፈሳሹ በላይ ባለው ጋዝ ውስጥ አስቀምጪ፣ ስታዘዋውሪም አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ የፊት መከላከያሽን አርገሽ። የፎሙን ቫያሎች አትጣይ፣ የሁለት ሶስቱን ሴሎች የማሳደጊያ ሳህኑ አንድ ጉድጓድ (ዌል) ውስጥ አጠጋግተሽ ዝሪ፣ የተረፉት አድገው ሲበዙ በአዲሱ ዕቃ እንደገና ፍሪዝ ታደርጊያቸዋለሽ።